ዕጣው ከመውጣቱ በፊት



ሰሞኑን በክርክር ክበባችን ለውይይት የቀረበው ጥያቄ «ሰው ምርጫ ቢሰጠው በምን ዓይነት ዓለም ውስጥ መኖር ይወድ ነበር?» የሚል ነበር። ጥያቄው በሰሌዳው ላይ ሲጻፍ ከመካከላችን ፈገግ ያሉ አልጠፉም፤ እንዲህ ያለው ነገር ለሥራ ፈት የሚመች የሐሳብ ጨዋታ ይመስላልና። ዳሩ ግን ውይይቱ ካለቀ በኋላ በየመኝታ ክፍሉ እስከ እኩለ ሌሊት ስንከራከር ስላመሸን፤ ነገሩን ለዚህች ጋዜጣችን አንባብያን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

በመጀመሪያ የተናገረው የምሕንድስና ተማሪ ነበር። እርሱ የሚመርጠው ዓለም በሬ ከቀንበር፣ ሴት ከእንስራ የምታርፍበት፤ ሥራውን ሁሉ መኪና የሚሠራበት ዓለም ነው። ቀጥሎ የተነሣው የሕግ ተማሪ ትልቁም ትንሹም በሕግ ፊት እኩል የሚቆምበትን ዓለም አወደሰ። ሦስተኛው ድኻና ሀብታም የማይኖርበትን ዓለም መረጠ። አራተኛው ደግሞ «ወደ አያቶቻችን ዘመን መልሱኝ፤ ሰው ለሰው መድኃኒቱ የነበረበት ዘመን ይሻለኛል» አለ። ለሁሉም ተጨበጨበላቸው።

ጭብጨባው ሲበርድ ግን አንድ ነገር ልብ አልን። ምሕንድስና የሚማረው ወንድማችን በመረጠው ዓለም ውስጥ ራሱን መሐንዲስ አድርጎ ነበር የሣለው። የሕጉ ተማሪ በዓለሙ ውስጥ ዳኛ ነው እንጂ ተከሳሽ አይደለም። እኩልነትን ያወደሰው ጓደኛችን የሚያካፍል እንጂ የሚካፈል አልሆነም። የአያቶቹን ዘመን የናፈቀውም የተመኘው የባለ ርስቱን ኑሮ ነው፤ በዚያ ዘመን ሸክላ የምትሠራዋን ሴት ኑሮ አልተመኘም። ሁላችንም ዓለሙን ከመምረጣችን አስቀድሞ ወንበራችንን ይዘን ነበር።

በዚህ ጊዜ ከቡሬ ገጠር የመጣ አንድ ዝምተኛ ጓደኛችን እጁን አነሣና «እኛ አገር መሬት ሲካፈሉ እንዲህ አይደለም» አለ። የተናገረውን በአጭሩ እንጽፈዋለን። አባት ሲሞት ወራሾቹ በሽማግሌ ፊት ይሰበሰባሉ። አንዱ ወራሽ መሬቱን ይደለድላል። ዋልካውን ከቀዩ አፈር፣ ለሙን ከጭንጫው፣ ለቤት የቀረበውን ከራቀው እያመዛዘነ ድርሻ ድርሻውን ይለያል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ስብርባሪ እንጨት፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የበግ በጠጥ። የትኛው ምልክት የማን እንደ ሆነ ያላየ ሰው ተጠርቶ ምልክቶቹን አንድ በአንድ በየድርሻው ላይ ይጥላል። «የሚደለድለው ሰው የትኛው ድርሻ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ቢጠላም ቢወድም አስተካክሎ ይደለድላል። አንዱን ድርሻ ቢያሳንስ የራሱ ልጆች ሊራቡበት ይችላሉና» አለ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጥያቄው በእውነት የተጀመረው ያን ጊዜ ነው ብንል አላጋነንም። ምን ዓይነት ዓለም ትመርጣለህ ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። በዚያ ዓለም ውስጥ የማን ልጅ ሆነህ እንደምትወለድ ሳታውቅ ሕጉን ጻፍ ቢባል ግን ምን ትጽፋለህ? በእንጅባራ ብርድ ወይስ በአባይ በረሃ አፋፍ፣ ወንድ ወይስ ሴት፣ የባለ መሬት ልጅ ወይስ የሸማኔ ልጅ እንደምትሆን ሳታውቅ?

ፍልስፍና የሚያስተምሩን አንድ መምህር ይህን በሰሙ ጊዜ፤ ጆን ሮልስ የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ስለ ፍትሕ ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ይህንኑ የመሰለ ሐሳብ እንዳቀረበ ነገሩን። ሰዎች ማንነታቸውን በማያውቁበት መጋረጃ ጀርባ ሆነው የማኅበራቸውን ሕግ ቢመርጡ ትክክለኛውን ሕግ ይመርጣሉ ይላል። መጽሐፉን እናከብራለን። የጎጃም ገበሬ ግን ይህንኑ ነገር በእንጨት ስብርባሪና በበግ በጠጥ ሲሠራበት መኖሩን ስንሰማ፤ ጥበብ ሁሉ በመርከብና በአውሮፕላን ተጭኖ ብቻ የሚመጣ ለሚመስለን ለእኛ ተማሪዎች ትንሽ ማፈር የሚገባን ይመስለናል።

ይሁን እንጂ ማፈሩም ማድነቁም በልክ ሲሆን ነው የሚያምረው። ጓደኛችን ተናግሮ ሳይቀመጥ ከፍኖተ ሰላም የመጣች አንዲት እኅታችን ተነሥታ «ለመሆኑ እኅቶቹስ ምልክት ሰጥተው ነበር ወይ?» ስትል ጠየቀችው። ወንድማችን መልሱን አልሸሸገም። በርስት ሥርዓት ሴት ልጅም የአባቷና የእናቷ ወራሽ ናት፤ ነገር ግን አግብታ ወደ ባሏ መንደር ስትሄድ ድርሻዋ ብዙ ጊዜ በወንድሞቿ እጅ ይቀር ነበር። እርሷም ቀጠለች። «ፋቂውስ? ቀጥቃጩስ? ሸክላ ሠሪዋስ? እስላሙ ነጋዴስ?» እነዚህ በብዙ ቦታ ርስት አልነበራቸውም። ማረሻውን የሠራ ሰው የሚያርሰው መሬት አልነበረውም፤ ይባስ ብሎም ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ውይይት ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛው፤ ትክክለኛ ዓለም ማለት ዕጣው ከመውጣቱ በፊት የተደለደለ ዓለም ነው። ሁለተኛው፤ ዕጣ የሚያስተካክለው ምልክታቸውን ለሰጡት ብቻ ነው። ምልክቱን እንዲሰጥ ያልተጠራ ሰው ካለ ድልድሉ የቱን ያህል ቢያምር ለእርሱ ምኑም አይደለም። ይህን ሚዛን ይዘን የአገራችንን የቅርብ ታሪክ፤ ይልቁንም የጎጃምን፤ ብንመረምረው ብዙ ነገር ይገለጥልናል ብለን እናምናለን።

በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም በአዲስ አበባ የነበሩት የቀድሞ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሰልፍ ወጡ። በደቡብ ያለው ጭሰኛ የድካሙን ግማሽና ከዚያም በላይ ለባለ መሬት እየሰጠ በሚኖርበት ዘመን ይህ ጩኸት የሚያስመሰግን ነበር፤ ዛሬም እናመሰግነዋለን። ሦስት ዓመት ሳይቆይ፤ በ1960 ዓ.ም፤ የጎጃም ገበሬ ተነሣ። የተነሣውም መንግሥት ባወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ምክንያት ነው። አዋጁ በወረቀት ላይ ሲነበብ ክፉ አይመስልም፤ ብዙ የሚያገኝ ብዙ እንዲከፍል የሚያደርግ ነበርና። ገበሬው ግን ገማቾቹ ወደ ማሳው ሲመጡ ያየው ሌላ ነገር ነው። በደቡብ ቀላድ የተጣለበት አገር ርስቱን አጥቶ ጭሰኛ እንደ ሆነ ሰምቷል፤ ዛሬ ገቢዬን የገመተ ነገ መሬቴን ይለካል፤ መሬቴን የለካ ይወስደዋል ብሎ ፈራ። ከዚያ በፊትም በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓ.ም በግብርና በመሬት ልኬት ምክንያት ጎጃም ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ወገን ገማቾችን አናስገባም አለ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም በመንደር ላይ ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ይህ ታሪክ ለተማሪ ከባድ ትምህርት አለው። ተማሪው «መሬት ይሰጥህ» ይላል፤ የጎጃም ገበሬ «መሬትስ አለኝ፤ እንዳትለኩብኝ» ይላል። ሁለቱም የሚሹት በአጥንት ያልተጫነ ኑሮ ነው። ነገር ግን ተማሪው የሚመርጠውን ዓለም ሲሥል ገበሬውን ጠርቶ አልጠየቀውም፤ መንግሥትም አዋጁን ሲጽፍ አልጠየቀውም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አጥር መነቅነቅ ደግሞ በመልካም ልብም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምዕራፍ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ይጀምራል። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተባለ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውም ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። እውነቱን ለመናገር ይህ አዋጅ ከዚያ በፊት ለዕጣ ተጠርተው የማያውቁ ብዙ ሰዎችን ጠርቷል። ጭሰኛው ከባለ መሬት ነጻ ወጣ፤ ሸማኔውና ፋቂው፣ እስላሙም፣ በገበሬ ማኅበር ስማቸው ተጽፎ ማሳ አገኙ። ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን ድርሻውን በአንድ እጅ የሰጠው መንግሥት ምርጫውን በሌላው እጅ ወሰደ። ገበሬው እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ እንዲያቀርብ ተገደደ፤ እህል ያነሰው ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታውን በርካሽ ይሞላ ነበር። ቤቱን አፍርሶ ወደ መንደር ምሥረታ እንዲገባ ታዘዘ፤ ልጁም ለጦርነት ተወሰደበት። ይህ ሥርዓት የላላው በ1982 ዓ.ም የኤኮኖሚው ፖሊሲ ሲለወጥ ነው። ያን ጊዜ ገበሬው ማንም ሳያዝዘው የመንደር ምሥረታውን ቤት እያፈረሰ ወደ ቀድሞ ጓሮው ተመለሰ። ሕዝቡ የትኛውን ዓለም እንደሚመርጥ ሲጠየቅ በአፉ ሳይሆን በእግሩ የመለሰበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ የ1989 ዓ.ም የመሬት ሽግሽግ ነው። በዚያ ዓመት በክልላችን መሬት እንደገና ተደለደለ። መሬት አልባ የነበሩ ወጣቶች፣ ባል የሞተባቸውና የፈቱ ሴቶች በስማቸው ማሳ አገኙ፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ግን በደርግ ዘመን በቀበሌ ሥልጣን ላይ የነበሩት «ቢሮክራሲ»፤ የቀድሞዎቹ ባለ ርስቶችም «የፊውዳል ቅሪት» እየተባሉ ተለዩ። ለሌላው እስከ 12 ጥማድ ሲፈቀድ ለእነርሱ 4 ጥማድ ብቻ ተተወላቸው። ከእነርሱ መካከል የበደሉ አልነበሩም ለማለት አንደፍርም፤ ነበሩ። ነገር ግን ሰው ቢበድል የሚቀጣው በፍርድ ቤት ተከሶ፣ ምስክር ተሰምቶበት ነው እንጂ በስም ተፈርጆ አይደለም። ከዚህም በላይ የዚያ ድልድል ጉድለት በእኛ ሚዛን ሲለካ ግልጽ ነው። ደልዳዩ ሲደለድል ትንሹ ድርሻ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ዕጣው ቀድሞ ወጥቷል፤ ሕጉ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ግን እናመሰግናለን። የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን የሚጻፍበት ደብተር ነውና። ያች «እኅቶቹስ?» ብላ የጠየቀችው ተማሪ፤ እናቷ ደብተሩን ከሣጥን አውጥታ ማንበብ ባትችልም በላዩ ያለውን የራሷን ፎቶግራፍ በጣቷ እንዳሳየቻት ነግራናለች። አንድ ሰው በዚህ ዓለም ውስጥ ተቆጥሬአለሁ ብሎ የሚያምነው እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። ዛሬ ለዕጣ ያልተጠራው ማነው?

በመጀመሪያ ወጣቱ ነው። በ1989 ዓ.ም መሬት ሲደለደል ያልተወለደው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። የአባቱ ማሳ ለአምስት ልጆች ቢቆረጥ ለአንዱ የሚደርሰው ጥንድ በሬ የማያዞር ቁራጭ ነው። ስለዚህ አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል፤ አንዷ በአረብ አገር ሰው ቤት ትቀጠራለች፤ አንዱ በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሸክም ይጠብቃል። ቡሬ ላይ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል፤ ፊቤላ የተባለው ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም ተመርቋል። እነዚህን በደስታ እናያቸዋለን። በርበሬና በቆሎ በሚበቅልበት፣ የደብረ ማርቆስ፣ የባሕር ዳርና የነቀምት መንገድ በሚገናኝበት አገር ፋብሪካ መቆሙ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን የፋብሪካ ብዛት ብቻውን ዓለምን ትክክለኛ አያደርግም። መሬቱ ለፋብሪካ የተወሰደበት ገበሬ፣ በፋብሪካው ደጃፍ ሥራ የሚለምነው ወጣትና የፋብሪካው ባለቤት ቦታ ቢለዋወጡ ሁሉም ውሉን ይፈርሙት ነበር ወይ? መጠየቅ የሚገባው ይህ ነው።

ሁለተኛዋ ሴት ልጅ ናት። የቤተሰብ ሕጋችን ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትን ያዝዛል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን ብዙዎቹ እናቶቻችን የተዳሩት የወተት ጥርሳቸው ገና ሲነቀል እንደ ነበር ሁላችን እናውቃለን፤ ልማዱም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እስቲ በክርክሩ ላይ የአያቶቹን ዘመን የመረጠው ወንድማችን ዕጣ ቢወጣበትና በዚያ ዘመን የ9 ዓመት ሙሽራ ቢሆን ኖሮ ምን ይል ነበር? ይህን በጠየቅነው ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «ምርጫዬን አንሥቻለሁ» አለ። እንዲህ ያለ ቅን ተከራካሪ ስላለን ደስ ይለናል።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የከበደው ነው፤ እርሱም ሰላም ነው። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በክልላችን በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተነሣው ጦርነት ግን መንገዱ ስሙን አልመሰለም። በነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የዜና ወኪሎች ከሆስፒታል ጠይቀው ዘግበዋል። ከዚያ ወዲህ በክልሉ ብዙ ሺህ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆኑ። እኛ እዚህ ቁጭ ብለን ስንማር ከመካከላችን ታናሽ ወንድሙ ፊደል ሳይጨርስ እረኛ ሆኖ የቀረበት፣ የእናቱን ድምፅ ለወራት ሳይሰማ የቆየ ተማሪ አለ።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «እናንተስ ከማን ወገን ናችሁ?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። መልሳችን በዚሁ በዕጣው ሚዛን የሚለካ ነው። ነገ ዕጣ ወጥቶ አንተ ወታደሩ፣ አንተ ታጣቂው፣ አንቺ በርበሬዋን ተሸክማ ለገበያ የወጣችው እናት፣ አንተ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኸው መምህር ልትሆኑ ትችላላችሁ። ማንኛችሁ ማን እንደምትሆኑ ሳታውቁ ስለ ጦርነት ሕግ ጻፉ ብትባሉ ምን ትጽፋላችሁ? ትምህርት ቤት ምሽግ አይሁን፤ ሐኪምና ቁስለኛ አይነካ፤ ገበያ ላይ እሳት አይውረድ፤ ጠብ በሽማግሌና በጠረጴዛ ይለቅ ብላችሁ እንደምትጽፉ አንጠራጠርም። እኛም የምንቆመው ከዚያ ሕግ ጋር ነው። ያን ሕግ የሚጥስ ማንም ይሁን ማን ዕጣው የማይነካው የሚመስለው ሰው ነው።

ሌላ ተቃውሞም ሰምተናል። «ይህ ሁሉ ሕልም ነው፤ ዓለም በዕጣ አትተዳደርም» የሚሉ አሉ። ወዳጆቻችን ሆይ፤ ከእኛ መካከል የሚወለድበትን ቤት መርጦ የተወለደ ማነው? እኛን እዚህ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰን ትጋታችን ብቻ ነው ብሎ የሚምል ካለ፤ ከእርሱ እኩል ሲቆጥር የነበረውንና አባቱ ስለ ሞተበት ማረሻ የጨበጠውን የክፍል ጓደኛውን ያስታውስ። ዕጣው ወጥቶ ያለቀ ነገር ነው። የቀረን ነገር ቢኖር፤ ዕጣው ገና እንዳልወጣ አድርገን ሕጋችንን መጻፍ ነው።

«ሰው እኩልነትን አይፈልግም፤ ከጎረቤቱ መብለጥን ነው የሚፈልገው» የሚሉም አሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 2015 ድረስ ባካሄደው የዓለም ሕዝብ መጠይቅ፤ ከ16 ነገሮች መካከል ለአንተና ለቤተሰብህ የሚበልጡትን 6 ምረጥ ሲባሉ፤ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች መልሰው ነበር። ከሁሉ በላይ የመረጡት መልካም ትምህርትን ነው። ቀጥሎ የተሻለ ሕክምናን፣ የተሻለ የሥራ ዕድልን፣ ሐቀኛና ሕዝቡን የሚሰማ መንግሥትን መረጡ። ከዚህ ውስጥ ጎረቤትን በመብለጥ የሚገኝ አንዳች ነገር የለም። የምዕራብ ጎጃም ልጅ ያጣውም የዓለም ሕዝብ አንደኛ ብሎ የመረጠውን ያንኑ ነገር መሆኑን ልብ ይሏል።

ነገር ግን መጠይቁንም ቢሆን ያለ ጥያቄ አንቀበለውም። 16ቱን ነገሮች የጻፈው ማነው? መላሾቹ የመረጡት ሌላ ሰው ከደለደለው ነው። ስለዚህ ከቡሬ የመጣው ጓደኛችን ባለፈው ዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ የማይቆረጥ፣ የማይደለደል ጥያቄ ለአያቱ አቀረበላቸው። «እማማ፤ ምርጫ ቢሰጥዎት በምን ዓይነት ዓለም መኖር ይወዱ ነበር?» አላቸው። አያቱ እሳቱን እየቆሰቆሱ ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉት። «ልጄ፤ ሌሊት ውሻ ሲጮኽ እንግዳ መጣ ብዬ የምነሣበት ዓለም ይሻለኛል። አሁን ውሻ ሲጮኽ ልጆቹን ወደ ጓዳ ነው የምሰድ።»

እኛ በአዳራሽ ለሦስት ሰዓት ተከራክረን ያላገኘነውን እኒህ እናት በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። በቃላቸው ውስጥ ሰላም አለ፤ ለእንግዳ የሚተርፍ እንጀራም አለ፤ የሚመጣው ሰው ማንም ቢሆን ጠላት ነው ተብሎ የማይጠረጠርበት መተማመንም አለ። መኪናም ፋብሪካም አልጠቀሱም። መኪናና ፋብሪካ አያስፈልጉም ለማለት ሳይሆን፤ እነዚያ ሁሉ የሚያምሩት ውሻው ሲጮኽ በሩ የሚከፈት ከሆነ ብቻ ነው ለማለት ይመስለናል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የቀድሞዎቹ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ብለው በየገጠሩ አንድ ዓመት አስተምረዋል፤ በ1967 ዓ.ም ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሕዝቡን ሊያስተምሩ ዘምተዋል። እኛ የምንለው አንድ ጊዜ እንኳ ልንጠይቅ እንሂድ ነው። በሚመጣው ዕረፍት መንገዱ የተከፈተለት ሁሉ ወደ አገሩ ሲገባ ሦስት ሰው ይጠይቅ፤ አንድ መሬት የሌለው ወጣት፣ አንዲት ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር ሴት፣ አንድ ሸክላ ወይም ብረት የሚሠራ ባለ እጅ። «በምን ዓይነት ዓለም መኖር ይወዳሉ?» ይበልና ሳያርም፣ ሳያሳምር፣ የተባለውን እንደ ተባለ ይጻፍ። የማንንም ስም አይጻፍ። ወደ አገሩ መግባት ያልቻለም አይቅር፤ ከየአካባቢው ተፈናቅሎ የመጣ ሰው በከተማው ሁሉ አለና እርሱን ይጠይቅ። የተጻፈውን ይህች ጋዜጣ በተከታታይ ታወጣዋለች። ሕግና ኤኮኖሚ የሚያስተምሩን መምህራንም በዚያ ላይ አስተያየታቸውን እንዲጽፉልን ከወዲሁ በትሕትና እንለምናለን።

ከመካከላችን ነገ ዳኛ፣ መሐንዲስ፣ የቀበሌም የአገርም አስተዳዳሪ የሚሆን አለ። በዚያን ጊዜ እጁ ብዕር ይዞ አዋጅ ሲጽፍ፣ ካርታ ሲያነሣ፣ ድርሻ ሲቆርጥ፤ የትኛው ድርሻ የእርሱ እንደሚሆን የሚያውቅ ከሆነ ብዕሩን ያስቀምጥ። ምልክቷን ያልሰጠች እኅት፣ ያልተጠራ ባለ እጅ፣ ያልተወለደ ልጅ በደጅ ቀርተው እንደ ሆነ ሄዶ ይጥራቸው። ከዚያ በኋላ ይደልድል።